ልጆቹን ወደ ዛፉ ጥላ መልሱልን፦ ለሐዋሳ ከተማ ትምህርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ
ግልባጭ፦ ልጆቻችሁን ኬጂ ለምትልኩ ወላጆች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የኬጂ ልጆች ከክፍል ውጭ እንዲማሩ፣ ሲወጡም በደንብ እንዲጠበቁ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ የኬጂ መምህርት ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። የማስተምረው ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። እያለቀሱ ሲመጡ ተቀብዬ፣ አንደኛ ክፍል ሲገቡ እየሳቁ ሸኝቻለሁ። ዛሬ ላስቸግራችሁ የተነሳሁት በአንድ ጉዳይ ነው። እኔ በማውቃቸው ኬጂዎች ልጆችን ከግቢ ይዞ መውጣት እየቀረ ነው። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ "ለደኅንነታቸው ነው" ይባላል። የእኔም ትምህርት ቤት ልጆችን ማውጣት ካቆመ 2 ዓመት አለፈው። ያቆመው ደግሞ በእኔ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት። 23 ልጆች ይዘን ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ሄድን። ሁለት መምህራንና አንዲት ሞግዚት ነበርን። ጠዋት የሄድነው ሆን ብለን ነው። በዚያ ሰዓት ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ዓሣ አጥማጆቹም መረባቸውን ይዘው የሚወጡት ጠዋት ነው። ልጆቹ ቆሮሶውን አዩ። አምባዛውን ከነጢሙ አዩ። ወጣቶቹ ዓሣውን ሲበልቱ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ጥቁር ካባ እንደደረበ ሽማግሌ አጠገባቸው ቆሞ ፍርፋሪ ይጠብቃል። ቁመቱ ከሁሉም ልጆቼ ይበልጣል። "ቲቸር፣ ፀጉሩን ማን ላጨው?" አለችኝ አንዷ። ሌላው ደግሞ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት አይቶ "ምሳውን እዚያ ነው የሚይዘው?" አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ክፍል ውስጥ በወር አንዴ ብሰማ ነው።

ልንመለስ ስንል ቆጠርኩ። 22። እንደገና ቆጠርኩ። 22።

ወዲያው ዓይኔ ወደ ውሃው ሄደ። ጉልበቴ ከዳኝ። ባልደረባዬ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሮጥን። ልጁን ያገኘሁት ከተገለበጠ ጀልባ ጀርባ ነው። ቁጢጥ ብሎ የዓሣ ቅርፊት ድንጋይ ላይ ይደረድራል። 4 ዓመቱ ነው። ከውሃው የነበረው ርቀት አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ቀና ብሎ አየኝና "ቲቸር፣ 11 ናቸው" አለኝ። ክፍል ውስጥ ከ5 በላይ ቆጥሮልኝ አያውቅም ነበር።

የሆነውን ሁሉ ለኃላፊዬ ነገርኩ። ደብቄ ማለፍ እችል ነበር፤ ህሊናዬ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ስብሰባ ተደረገ። ከዚህ በኋላ ከግቢ መውጣት የለም ተባለ። እኔም ልክ ናቸው አልኩ። ያን ቀን ማን ደፍሮ ሌላ ነገር ይላል? ሌሊቱን ሙሉ ያ ጀልባ በዓይኔ ሲዞር ነው ያደረው።

ቆይቼ ግን ነገሩን መልሼ መላልሼ አሰብኩት። ጥፋቱ የሐይቁ አልነበረም። የልጁም አልነበረም። የቆጠርነው ስንደርስና ልንመለስ ስንል ብቻ ነው። በመካከሉ አንድ ሰዓት የሚሞላ ጊዜ አለ፤ አንድም ጊዜ አልቆጠርንም። በውሃው በኩል የሚቆም ሰው አልመደብንም። ሦስታችንም ከልጆቹ እኩል አባ ኮዳውን እያየን ነበር። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ስድስት ዓይን፣ ሁሉም ወደ አንድ ወፍ። ይህ በአንድ ገጽ ወረቀትና በአንድ ቀን ስልጠና የሚታረም ጥፋት ነው። እኛ ያረምነው ግን በር በመዝጋት ነው።

በሩ ከተዘጋ በኋላ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤታችን መኖሪያ ቤት ተከራይቶ የሚሠራ ነው፤ እንዲህ ያሉ ኬጂዎች ብዙ እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ግቢው ከፊሉ ሴራሚክ፣ ከፊሉ ኮብልስቶን ነው። አፈር የለውም። አንድ የማንጎ ዛፍ ነበረች፤ ቅጠሏ ግቢ ያቆሽሻል ተብሎ ተቆረጠች። ጥግ ላይ የብረት ሸርተቴ አለ። በእረፍት ሰዓት ልጁ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ቀን 6 ሰዓት ላይ ብረቱን አንዴ ብትነኩት አትደግሙትም። አንዲት ልጅ ቀሚሷ ወደ ላይ ተሰብስቦ ስትንሸራተት ጭኗ ተቃጠለ። ሌላው ውሃ የፈሰሰበት ሴራሚክ ላይ ወድቆ የፊት ጥርሱን ሰበረ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የቅንጭቡን ነው። ግቢያችን ከኋላ በኩል ከጎረቤት ጋር የሚለየው በቅንጭብ አጥር ነው። እርሳስ የመሰለ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ያለው፣ ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያወጣው፣ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። የ5 ዓመት ልጅ ናት። አንዱን ቀንበጥ ሰበረችና ወተቱ ጣቷ ላይ ሲንጠባጠብ ደስ አላት። ለአሻንጉሊቷ ወተት ማለቧ ነበር፤ እቃ እቃ ይጫወታሉ። ቀጥሎ ዓይኗን አሸችበት። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሞግዚታችን እቅፍ አድርጋ ወደ ቧንቧው ሮጠች። እየያዝናት፣ እየታገለችን፣ ዓይኗን ለረጅም ጊዜ በውሃ አጠብናት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም ወሰድናት። ዓይኗ አብጦ ለቀናት አልከፈት ብሎ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች። ያን አጥር በየቀኑ አየዋለሁ። ወተቱ ዓይን እንደሚያጠፋ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግቢ ውስጥ ስለሆንን ብቻ ደኅና ነን ብዬ ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው በሩ ተቆልፎ፣ ጥበቃው በሩ ላይ ተቀምጦ ነው።

ከዚያ ወዲህ አደጋን ለሁለት ከፍዬ ማየት ጀመርኩ። ልጁ የሚያየው አደጋ አለ፤ የማያየውም አለ። ዛፍ ላይ የወጣ ልጅ ከፍታውን ያየዋል። ልቡ ይመታል። አንድ ቅርንጫፍ ወጥቶ ይቆማል፤ ነገ ሁለተኛውን ይሞክራል። የቅንጭብን ወተት ግን አያውቀውም። የጋለ ብረት አይታየውም። ሣር ውስጥ የተጣለ የጠርሙስ ስባሪ፣ ወደ ኋላ የሚመጣ መኪና፣ ጥልቀቱ በአንድ እርምጃ የሚለወጥ ውሃ፣ ይህን ሁሉ አያየውም። የእኛ ሥራ የማያየውን ከፊቱ ማንሳት ነው። የሚያየውን ደግሞ አጠገቡ ቆመን እንዲሞክረው መፍቀድ ነው። እኛ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። "ውረድ! ትወድቃለህ!" ብለን ከዛፉ እናወርደዋለን፤ የቅንጭቡን አጥር ግን እንዳለ እንተወዋለን።

ኤለን ሳንድሴተር የምትባል የኖርዌይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ልጆች ደፈር ብለው የሚጫወቷቸውን ጨዋታዎች በ6 ከፍላ አሳይታለች። ከፍታ ላይ መውጣት፣ በፍጥነት መሮጥና መንሸራተት፣ ስለት ባለው ዕቃ መሥራት፣ እንደ እሳትና ውሃ ያለ አደገኛ ነገር አጠገብ መሆን፣ መታገል፣ በመጨረሻም ከትልቅ ሰው ዓይን መሰወር። ስድስተኛውን ሳነብ ትዝ ያለኝ አኩኩሉ ነው። "አኩኩሉ!" "አልነጋም!" እየተባባልን ያደግንበት ጨዋታ። ልጅ መሰወር ይፈልጋል። ያ ከጀልባው ጀርባ ያገኘሁት ልጅም የፈለገው ይህንኑ ነው። እንግዲህ መደበቂያውን እኛ እንምረጥለት። ከውሃ የራቀ ይሁን፤ እኛ እያየነው እሱ ግን ያላየነው የሚመስለው ቁጥቋጦ ይሁን።

"ክፍል ውስጥ ቢማሩ ምን ይጎድልባቸዋል?" የሚለኝ ሰው አለ። ሁላችንም ኬጂ እንላለን። ሙሉ ቃሉ ኪንደርጋርተን ነው፤ የመጣው ከጀርመንኛ ሲሆን ትርጉሙም የልጆች የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ፍሮቤል የሚባል ጀርመናዊ መምህር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ መደብ ይሰጠው ነበር፤ ዘር ይዘራበታል፣ ውሃ ያጠጣበታል። ዛሬ እዚያው ጀርመን አገር የጫካ ኬጂ የሚባሉ አሉ። ልጆቹ ዝናብም በረዶም ቢሆን የሚውሉት ጫካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ፍሌንስበርግ በምትባል ከተማ አንዱ ሕጋዊ እውቅና ካገኘ ወዲህ በጣም በዝተዋል። ልጆቹ እንደ ፈለጉ አይበተኑም። መንገዱ ላይ የታወቁ መቆሚያዎች አሏቸው። ቀድሞ የሮጠ ልጅ መቆሚያው ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ሁሉም ካልተሰበሰበ ማንም አያልፍም። ይህን የሚያደርጉት የ3 ዓመት ልጆች ናቸው። የእኛም ልጆች ያደርጉታል፤ ግቢ ውስጥ በኖራ መስመር አስምሬ ሞክሬዋለሁ። አንድ ሳምንት አልፈጀብኝም።

ለእኛም እኮ ነገሩ ባዳ አይደለም። የኔታ ፊደል ያስቆጠሩት በዛፍ ጥላ ሥር ነው። አለንጋው ይቅርብን፤ ጥላው ግን ይመለስልን።

ስለ ጤናም ላንሳ፤ ከወላጆች ጋር ብዙ የምንከራከረው በዚህ ነው። "ፀሐይ ላይ አታውጡብኝ፣ ምች ይመታዋል" ይሉኛል። ፍርሃቱን አልንቅም፤ እናቴም እንዲሁ ትለኝ ነበር። ግን አንድ ነገር አስቡልኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ በአዲስ አበባ የተሠራ ጥናት አለ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ የሳምባ ምች የያዛቸው 500 ልጆችና ያልያዛቸው 500 ልጆች ተመረመሩ። ሪኬትስ፣ ማለትም አጥንት የሚያለፈሰፍሰው በሽታ፣ የሳምባ ምች ከያዛቸው መካከል 210 ልጆች ላይ ተገኘ። ካልያዛቸው መካከል የተገኘው 20 ልጆች ላይ ብቻ ነው። ምግብም የራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን ፀሐይ በሞላበት አገር ልጅ ፀሐይ አጥቶ አጥንቱ ሲላላ ያሳዝናል። ጤና ጣቢያ "ሕፃኑን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁት" የሚሉን በከንቱ አይደለም። ምች ፈርተን የሸፈንነው ልጅ ለሳምባ ምች ይጋለጣል።

የዓይንም ነገር አለ። ጓንግዡ በምትባል የቻይና ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል ልጆች ላይ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች በየቀኑ የ40 ደቂቃ ትምህርት ደጅ ላይ ተጨመረ። ከ3 ዓመት በኋላ የሩቁን አለማየት የጀመራቸው ልጆች ደጅ በወጡት ዘንድ 30.4 በመቶ፣ ባልወጡት ዘንድ 39.5 በመቶ ሆኑ። የተደረገው ልጆቹ ደጅ እንዲወጡ ማድረግ ነው፤ ወላጆችም በእረፍት ቀን እንዲያወጧቸው ተመክረዋል። ጭቃን ለሚፈሩ ደግሞ ፊንላንድን ልንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች የሚውሉባቸው ግቢዎች የጫካ አፈርና ሣር ተነጠፈባቸው። ልጆቹ በ28 ቀን ውስጥ ቆዳቸው ላይ ያሉት ጠቃሚ ተሕዋስያን በዓይነት በዙ፤ በደማቸው ውስጥ ያለው የመከላከያ ሥርዓትም በጎ ለውጥ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ብሏል። ከዚያ ውስጥ 1 ሰዓቱ የሚያለከልክ መሆን አለበት። እኛ ጋ ልጁ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ቤት ገብቶ የቤት ሥራ ይሠራል፣ ከዚያ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። መቼ ይሩጥ?

ቁጥሩን ልተወውና ስለ አንዲት ልጅ ላውራችሁ። ዓመቱን ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ድምጿን አልሰማሁም ነበር። ቤታቸው የሚነገረው ሲዳምኛ ነው፤ አማርኛው ገና አልገባትም። እኔም ዝምተኛ ናት ብዬ ጽፌላታለሁ፤ ሪፖርት ካርዷ ላይ። ከመከልከላችን በፊት አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ያለ ጓሮ ወሰድናቸው። እንሰት አለበት። ልጅቷ እጄን ለቀቀችና ሮጣ ሄዳ ቅጠሉን ያዘች። "ዌሴ!" አለች። ጮክ ብላ። እንሰት ማለቷ ነው፤ በሲዳምኛ። "ዌሴ! ዌሴ!" ከዚያ ቁጭ ብላ አያቷ እንዴት እንደሚፍቁት በእጇ አሳየችን። እግሯን ዘርግታ፣ በሁለት እጇ ወደ ታች እየጎተተች። ሌሎቹ ልጆች ዙሪያዋን ከበው "ዌሴ" እያሉ ተከተሏት። ያን ቀን አስተማሪዋ እሷ ነበረች። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቀለም ጠየቀችኝ፤ በአማርኛ።

ወላጆች፣ እናንተንም ላናግራችሁ። "ልጄን የላክሁት ኤቢሲዲ እንዲማር ነው እንጂ ጭቃ ሊያቦካ አይደለም" ስትሉ እሰማለሁ። ክፍያው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የከፈላችሁበትን በደብተር ላይ ማየት ትፈልጋላችሁ። ግን የ4 ዓመት ልጅ ጣት እርሳስ ከመያዙ በፊት ጠጠር መልቀም፣ ጭቃ መጭመቅ፣ ቅጠል መበጠስ ይፈልጋል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚያ ነው። ቆሻሻ ዩኒፎርም ይታጠባል። ከተቻለ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን አሮጌ ልብስ አልብሳችሁ ላኳቸው፤ እኛም አንጨነቅ፣ እናንተም አትናደዱ።

አሁን ወደ አደጋው ልመለስ። ሐዋሳ ሐይቅ ያላት ከተማ ናት፤ ስለ ውሃ ሳይነጋገሩ ልጅ ማውጣት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰው በውሃ ሰምጦ ሞቷል። ከ4 አንዱ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነው። የሚሰምጥ ትንሽ ልጅ አይጮህም። እጁንም አያውለበልብም። ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ይኸው ድርጅት መስጠምን ለመከላከል ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ገና ትምህርት ያልጀመሩ ልጆች ጠባቂ ያለበት ቦታ እንዲውሉ ነው። በደንብ የሚጠብቅ ኬጂ ራሱ ከመስጠም ያድናል ማለት ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም እንዲህ ነው። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውሃው ዳር አይቆምም። ሐይቁን ከርቀት ያያል፤ በመካከሉ አጥር ወይም በግልጽ የተሠመረ ገደብ አለ፤ በገደቡ ላይ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ልጆቹን ብቻ የሚያይ አንድ ሰው ይቆማል። ያ ሰው ስልክ አያነሳም፤ ወፍ አያይም። እግር ውሃ ውስጥ መንከርም የለም። ሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ እንዳለ በጥናት ታውቋል፤ ተሕዋሱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ቄጠማ የበዛበት ዳርቻ ጉማሬ ሊኖር ስለሚችል አይኬድም። አሞራ ገደል ውስጥ ምግብ በእጅ ይዞ መሄድም አይቻልም፤ ጦጣ ከልጅ እጅ ስትነጥቅ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለችም። ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ሊያስፈልግ ይችላል። ጉሬዛውን ግን ከሾላው ሥር ሆነው አንጋጠው ይዩት። እሱ አይወርድባቸውም።

ደግሞም ሐይቁ ብቻ አይደለም ያለን። የታቦር ተራራ ግርጌ አለ። የግራርና የሾላ ጥላ አለ። ብዙ ጊዜ የሚበቃው ከትምህርት ቤቱ 200 ሜትር የማይርቅ አንድ ዛፍ ነው። ከዛፉ ይልቅ የሚያሰጋኝ እስከዚያ ያለው መንገድ ነው። ባጃጅ ከየት መጣ ሳይባል ይመጣል። ለዚህ ብዬ ገመድ አዘጋጅቻለሁ። ወፍራም የናይሎን ገመድ ነው፤ በየክንድ ልዩነት ቋጠሮ አለው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቋጠሮ ይይዛል። አንድ መምህር ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ አንድ ሰው ደግሞ በመኪናው በኩል ይሄዳል። ባዶ ቋጠሮ ካየህ አንድ ልጅ ጎድሏል፤ መቁጠርም አያስፈልግህ።

ስለ ሰውም መናገር አለብኝ፤ ልጅን የሚጎዳው ውሃና መኪና ብቻ አይደለም። አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን አንድ ልጅ ይዞ ከሌሎች ዓይን አይሰወርም፤ ሽንት ቤትም ቢሆን ሁለተኛ ሰው በቅርብ ይኖራል። ይህ ሕግ መምህርን መጠርጠር አይደለም፤ ለመምህሩም ጥበቃ ነው። የማናውቀው ሰው ልጆቹን ፎቶ አያነሳም። እኛም ያነሳነውን ቲክቶክ ላይ አንለጥፍም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው።

በመጀመሪያ አንድ ደብዳቤ ጻፉልን። ለሁሉም የግልና የመንግሥት ኬጂዎች የሚደርስ። ልጆችን ማውጣት የማስተማር አንዱ ክፍል መሆኑን፣ የተከለከለው ያለ እቅድ መውጣት መሆኑን በግልጽ ይናገር። ኃላፊዎች በር የሚዘጉት ክፉ ሆነው አይደለም። አንድ ነገር ቢፈጠር ብቻቸውን እንደሚጠየቁ ስለሚፈሩ ነው። ከእናንተ የተጻፈ ነገር ካለ ይደፍራሉ። ከደብዳቤው ጋር ባለ አንድ ገጽ ቅጽ ይኑር። የት እንሄዳለን፣ ቦታውን ከአንድ ቀን በፊት ማን ሄዶ አየው፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ትልቅ ሰው፣ በየስንት ደቂቃው ማን ይቆጥራል፣ በአደገኛው በኩል ማን ይቆማል፣ ቅርብ ያለው ጤና ተቋም የቱ ነው፣ ወላጅ ፈርሟል ወይ። በእኔ ልምድ ከግቢ ሲወጣ ለ5 ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ቆጠራውም በየ10 ደቂቃው ቢሆን ይመረጣል። እናንተ ከዚህ የተሻለ ካላችሁ ጨምሩበት።

ሁለተኛው የግቢ ጉዳይ ነው። ኬጂ ፈቃድ ሲያወጣና ሲያድስ የሚታየው ነገር ላይ አፈርና ጥላ ይጨመር። ሰፊ መሬት አልጠየቅሁም፤ ለአንድ ዛፍና ለአንድ መደብ ጎመን የሚበቃ ይሁን። አጥሩም ይታይ። ቅንጭብ፣ ጉሎ፣ አጠፋሪስ፣ ሳማ ልጅ በሚደርስበት ቦታ አይኑር። ብረት ሸርተቴ ጥላ ይሠራለት። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ግቢ ለሌላቸው ደግሞ ከከተማው መናፈሻዎች አንዱ ታጥሮ፣ በሳምንት የተወሰኑ ጠዋቶች ለኬጂ ልጆች ብቻ ቢተው፣ በየተራ እንጠቀምበታለን።

ስልጠናም እንፈልጋለን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ያሠለጥናል፤ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ከእያንዳንዱ ኬጂ ሁለት ሰው ቢሠለጥን፣ አንዷ ሞግዚት ብትሆን ደስ ይለኛል። ያን ቀን የልጅቷን ዓይን ያዳነችው መምህርት አይደለችም፤ ሞግዚቷ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ለጥቂት የተረፍንባቸውን አጋጣሚዎች የምንጽፍበት መዝገብ ይኑረን። ልጅ ጠፍቶ የተገኘበት፣ ባጃጅ ለጥቂት የሳተው፣ የማያውቀውን ፍሬ አፉ ከትቶ የተፋበት። ስም ሳይጠቀስ፣ ማንም ሳይቀጣ፣ በየሦስት ወሩ ተሰብስበን እንነጋገርበት። እኔ አሞራ ገደል ላይ የተማርኩትን ሌላዋ መምህርት ራሷ ላይ ደርሶ መማር የለባትም። እውነቱን የተናገረ ከተቀጣ ግን ማንም አይጽፍም።

በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የጋራ ማዕቀፍ ሲያወጡ ነገሩ የትምህርት ቤት ብቻ እንዳልሆነ ተቀብለዋል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎ በሥርዓቱ ውስጥ አስገብቶታል። ብዙ ልጅ ወደ ኬጂ ይመጣል ማለት ነው። አሁን የምንሠራው ልማድ ለእነዚያ ሁሉ ልጆች ይተርፋል። ይህች ከተማ ደግሞ ልጅ መጠበቅ ታውቃለች። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ፣ ልጆች "አይዴ ጫምባላላ" እያሉ ከቤት ቤት ሲዞሩ ማን በር ይዘጋባቸዋል? መንደሩ ሁሉ ያያቸዋል፣ ያበላቸዋል፣ ይሸኛቸዋል።

ከመምሪያው አንድ ባለሙያ ትምህርት ቤታችን ቢላክልኝ ኃላፊዬም ሊያነጋግሩ ፈቃደኛ ናቸው። ሐሙስ ቢሆን፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልጆቹ ሳይደክሙ። መንገዱን አብረን እናየዋለን፤ ከበሩ እስከ ሾላው 150 እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ቅጹን ሞልቼ እጠብቃለሁ። ገመዱ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። 24 ቋጠሮ አለው፤ 23ቱ የልጆቹ፣ አንዱ የእኔ። ከሠራሁት ጀምሮ አንድም ቀን ከግቢ ወጥቶ አያውቅም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የኬጂ መምህርት፣ ሐዋሳ